በኤሌክትሪክ ብየዳ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ «አንድ ነጥብ ብቻ ናት» ከማለት ጀምሮ

የጋለ ብረት የነካ ሰው እጁን ወዲያው ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስተምረው ይጠነቀቃል። የብየዳ ዋና ዋና ጉዳቶች ግን እንዲህ አይደሉም። በብየዳው ዘንግና በብረቱ መካከል የሚነደውን ብልጭታ፣ ማለትም አርኩን፣ በባዶ ዓይኑ ያየ ሰው ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ገብቶ ይተኛና ሌሊት ዓይኑን ይዞ ይነሳል። የዚንክ ጭስ የሳበ ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ ማታ ይንቀጠቀጣል። የመጋዝ ብናኝ ውስጥ የገባች ፍንጣሪ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ትነሳለች። ስህተቱና ውጤቱ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በዓመታት ስለሚራራቁ ሠራተኛው ሁለቱን አያገናኛቸውም፤ ስለዚህ በማግስቱም ይደግመዋል።

ብዙ ዓመት ስበይድ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ከእያንዳንዱ ስህተት በፊት አንዲት የታወቀች አባባል ትቀድማለች። እኔም ብያቸዋለሁ። ስህተቶቹን በእነዚህ አባባሎች ስም አስቀምጫቸዋለሁ፤ ከአፍዎ ሲወጡ ቢሰሟቸው እጅዎን እንዲያቆሙ።

«አንድ ነጥብ ብቻ ናት»

ሁለት ብረት ለማያያዝ ነጥብ ሲጣል ማስክ ማውረድ ይሰለቻል፤ ነገሩ ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥማ። በቀን ሠላሳ ነጥብ የጣለ ሰው ግን አርኩን ለሩብ ደቂቃ በባዶ ዓይኑ አየ ማለት ነው። አርኩ ከሚታየው ብርሃን ጋር አልትራቫዮሌት ጨረር ይረጫል፤ ይህ ጨረር የዓይንን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያን ያቃጥላል። ቃጠሎው ሲደርስ አይሰማም። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ አሸዋ የተረጨበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያስነባል፣ ብርሃን ማየት ይከለክላል።

ዓይንን ጨፍኖ መለኮስም መፍትሔ አይደለም። ሰው ብልጭታውን አይቶ እስኪጨፍን ጨረሩ ቀድሞት ገብቷል፤ አስቀድሞ ቢጨፍን እንኳ የዓይን ቆቡና የፊቱ ቆዳ ይቃጠላሉ፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሮዱ (የብየዳው ዘንግ) የት እንዳረፈ ሳያይ ነው የሚሠራው። የፀሐይ መነጽር ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን በያጅ አልነበርኩም፤ ብረት ያዥ ነበርኩ። ፊቴን ወደ ጎን ስላዞርኩ የተጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። በጎኔ ግን አዲስ የሚያብረቀርቅ ላሜራ ተደግፎ ነበርና ጨረሩ ከእሱ እየነጠረ ይመጣብኝ ነበር። ማስክ ያደረገው በያጅ ምንም አልሆነም፤ እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኔን መግለጥ አቅቶኝ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ረዳት ያለ ማስክ አጠገቤ አላቆምም፤ አላፊ አግዳሚ በሚያይበት ቦታ ስሠራም መጋረጃ ሳልጋርድ አልለኩስም። ማስክ ያጣ ረዳት ብዙ ጊዜ «እኔ አላይም» ይላል፤ እባክዎ አይቀበሉት።

የማስኩ መስታወት ቁጥርም ከአምፒሩ ጋር ይሄዳል። በዱላ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 160 አምፒር ሲሠሩ 10 ቁጥር፣ ከ160 እስከ 250 አምፒር 12 ቁጥር ይመከራል። በራሱ የሚጠቁረው ማስክ ከሆነ ባትሪውንና የፊት ዳሳሹን ከመጀመርዎ በፊት ይፈትሹ። ከማስኩ ሥርም መደበኛ የመከላከያ መነጽር ይኑርዎ፤ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጎዳው አርኩ ጠፍቶ ማስኩን አንስቶ ብየዳው ላይ የቀረውን ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፍ ነው።

ዓይንዎ ከተቃጠለ አይሹት፤ ጨለማ ቦታ ይረፉና ሐኪም ያይዎት። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይድናል። ከሌላ በያጅ የተሰጠ የማደንዘዣ ጠብታ ግን ደጋግመው አይጨምሩ። ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ ሲደጋገም ደግሞ ኮርኒያው እንዳይሽር ያደርጋል።

«ቮልቱ ትንሽ ነው»

እውነት ነው፤ አርኩ ሲነድ ከኤሌክትሮዱ መያዣ እስከ ብረቱ ያለው ቮልት ከ20 እስከ 30 ገደማ ነው። ማሽኑ በርቶ አርክ በሌለበት ጊዜ ግን ብዙ ማሽኖች ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት ይቆማል። እንግዲህ በያጁ ኤሌክትሮድ የሚቀይረው፣ ጓንቱን የሚያወልቀው፣ ላቡን የሚጠርገው መቼ ነው? በዚሁ በከፍተኛው ቮልት ላይ ሳለ ነው። በጣም የሚዘናጋውም ያኔ ነው።

ደረቅ ቆዳ የኤሌክትሪክ ጅረትን በብርቱ ይገታል፤ በላብ የራሰ ግን አቅሙ ይወርዳል። የሰውነት መቋቋም ወደ 1,000 ኦም ቢወርድ 80 ቮልት 80 ሚሊአምፒር ያሳልፋል። ተለዋዋጭ ጅረት ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፒር ሲደርስ ጡንቻ ተቆልፎ የያዙትን መልቀቅ ያቅታል፤ ከ50 ሚሊአምፒር በላይ በደረት ካለፈ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ለዚህ ነው በበጋ፣ በላብ፣ በጠባብ ታንክ ውስጥ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ። ዙሪያው ሁሉ ብረት ነው፤ ሰውነቱ ደግሞ ውሃ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከተለዋዋጭ ይልቅ ቀጥተኛ ጅረት ይመረጣል፤ አርክ ሲቆም ቮልቱን በራሱ የሚቀንስ ማሽን ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ማሽኑን የሚያጠፋ ሰውም ውጭ ቆሞ ይጠብቅ።

ሁለት ጥንድ ጓንት ይያዙ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላውን ያድርጉ። ደረቅ ጣውላ ወይም ጎማ ላይ ይቁሙ፤ ብረቱ ላይ ከመቀመጥዎ ወይም ከመተኛትዎ በፊት የሚያለያይ ነገር ያንጥፉ። መያዣውን በብብትዎ አይያዙት፣ የጋለ መያዣም ውሃ ውስጥ ነክረው አያቀዝቅዙ። ሽፋኑ የተሰነጠቀ መያዣ ይጣል፤ በፕላስተር ተጠቅልሎ ዓመት አይቆይም።

በማሽኑ ጀርባ ያለው ወገን ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ያለው ቀጥታ ከመስመር የመጣ 220 ወይም 380 ቮልት ነው። ሽቦውን ልጦ ያለ ፕለግ ሶኬት ውስጥ መክተት፣ የግራውንዱን ሽቦ «አያስፈልግም» ብሎ ቆርጦ መጣል፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ አይቻለሁ። ግራውንድ የሌለው ማሽን ውስጡ የተላጠ ሽቦ ቀፎውን ከነካ ቀፎው ራሱ መስመር ይሆናል። ማሽኑን ለመክፈት ከመስመር መንቀልም ብቻውን አይበቃም፤ የኢንቨርተር ማሽን ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ለደቂቃዎች የኤሌክትሪክ ኃይል ይይዛሉ።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው አይጎትቱት፤ መጀመሪያ ኃይሉን ያጥፉ። መተንፈስ ካቆመ እርዳታ ይጥሩና ደረቱን መጫን ይጀምሩ።

«ማሳውን የትም ቆንጥጠው»

በኤሌክትሮዱ የገባው ጅረት በሙሉ በማሳው፣ ማለትም ብረቱን በመቆንጠጫ ከማሽኑ ጋር በሚያገናኘው የመመለሻ ገመድ፣ ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። 150 አምፒር ከላኩ 150 አምፒር መንገድ ፈልጎ ይመለሳል። መቆንጠጫው ሩቅ ከሆነ ወይም ዝገትና ቀለም ላይ ከተያዘ ጅረቱ ያገኘውን ይይዛል፤ ኩሽኔታ፣ ሰንሰለት፣ የክሬን ገመድ፣ የውሃ ቱቦ፣ አጠገብ የተሰካ የግራይንደር የግራውንድ ሽቦ። ኩሽኔታ ውስጥ ያለፈ ጅረት ጥቃቅን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ መኪናው ከሳምንታት በኋላ ሲጮህ ማንም ብየዳውን አያስታውስም። ቀጭኗ የግራይንደር ሽቦ ደግሞ ይህን ጅረት አትችልም፤ ሽፋኗ ይቀልጣል። ስለዚህ ብረቱን ፍቀው ያንጹ፣ መቆንጠጫውን ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያድርጉ፤ ተሽከርካሪ ከሆነ ባትሪውን ይፍቱ። የጋዝ ቱቦንማ ለመመለሻ በፍጹም አይጠቀሙ።

ገመዱን ትከሻ ወይም ወገብ ላይ መጠምጠምም ከዚሁ ይቆጠራል። ልብ ውስጥ የምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ወደ ብየዳ ማሽን አይቅረብ፤ የገመዱ መግነጢሳዊ መስክ መሣሪያውን ሊያውክ ይችላል።

«በርሜሉ ባዶ ነው»

በዚህ ሥራ ከሰማኋቸው አባባሎች ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ አይሆንም። ፈሳሹ ሲወጣ አየር ይገባል፤ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ይተንና ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። የሚፈነዳው ይህ ድብልቅ ነው፤ ሙሉ በርሜል ውስጥ ግን አየር ስለሌለ ይህ ድብልቅ አይፈጠርም። ክዳኑን ከፍቶ ማሽተትም አያስተማምንም። ናፍጣና የሞተር ዘይት በተራ ሙቀት ብዙ ስለማይተኑ ሽታቸው ደካማ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ግን ዝቃጩን ራሱ ወደ ትነት ይቀይረዋል። ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ ማቅጠኛ የነበረበትም ያው ነው።

በውሃ አለቅልቆ መጀመር ብዙ ሰው ያታልላል። ውሃ ዘይት አያነሳም፤ ስፌት ውስጥ የገባውንም አያወጣም።

ትክክለኛው ምርጫ አለመበየድ ነው። በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ወይም ማጠራቀሚያ እንዲሆን ከተፈለገ ውሃ ብቻ የነበረበት ይፈለግ። የግድ ከሆነ ሥራው ልምድ ላለው ሰው ይሰጥ፦ ሁሉም ቀዳዳ ይከፈታል፣ በእንፋሎት ወይም በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያም ከሚበየደው ቦታ ዝቅ እስኪል ድረስ ውሃ ይሞላል ወይም በማይነድ ጋዝ ይነፋል፣ በጋዝ መለኪያም ይረጋገጣል። የመኪና ነዳጅ ታንክ ቀዳዳ ለመድፈን ሲባል ይህን ሁሉ ከማለፍ ታንኩን መቀየር ይሻላል።

ንጹሕም ቢሆን ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይወጠራል፤ መተንፈሻ ቀዳዳ ሳይበሱ አይበይዱት።

«ለጭሱ ወተት እጠጣለሁ»

ወተት ሆድ ይገባል፤ ጭስ ሳንባ። ሁለቱ አይገናኙም። ይህ እምነት የሚጎዳው ወተቱ ስለሚጎዳ አይደለም፤ የጠጣ ሰው ተጠብቄአለሁ ብሎ ጭሱ ውስጥ ስለሚቆይ ነው።

ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በግልጽ ይታያል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ብረቱ ለመቅለጥ 1,500 ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልባጩ ሳይተን ብየዳ የለም። የሳበው ሰው ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያው ይቆረጥማል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል። ወባ ወይም ጉንፋን መስሎት ይተኛል፤ በ1 ወይም በ2 ቀን ይተወዋል። ሰውነት በሥራ ቀናት ለጊዜው ይለምደውና በዕረፍት ቀናት ልምዱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ትኩሳቱ በሳምንቱ መጀመሪያ ይብሳል። ካድሚየም የተለበጠ ብረት ጭስም መጀመሪያ ልክ ይህንኑ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳንባን ያቆስላል፣ ሊገድልም ይችላል። ትኩሳቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ቤት አይተኙ።

አይዝጌ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ክሮሚየምና ኒኬል ይዟል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2017 የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ይህም የትኛውንም የብየዳ ጭስ ይመለከታል እንጂ የተለየ ብረት ጭስ ብቻ አይደለም።

መከላከያው በአብዛኛው የአቋቋም ነገር ነው። ጭሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ብየዳው ላይ አያጎንብሱ፤ ጭንቅላትዎ ከጭሱ መንገድ ውጭ ይሁን፤ ማራገቢያው ከጎን ሆኖ ጭሱን ከፊትዎ ይውሰድ። ልባጩንና ቀለሙን ከግራና ቀኝ ፍቀው ያስወግዱ፤ ሲፍቁም አቧራው እንዳይገባ አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ለጭሱ ደግሞ ለብረት ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ጨርቅ አይበቃም። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የተጠረገ ብረት እስኪደርቅ ድረስ አይለኩሱበት፤ ሙቀቱና ጨረሩ ትነቱን ፎስጂን ወደተባለ መርዝ ጋዝ ይለውጡታል። ጠባብ ቦታ ሲታፈንም ኦክሲጅን ከሲሊንደር አይልቀቁ። ኦክሲጅን የበዛበት አየር ልብስን እንደ ክብሪት ያስነሳል።

«ጨርሰናል፣ እንሂድ»

ስለ ልብስ ባጭሩ፦ ጥጥ ወይም ቆዳ ይሁን፣ ናይለንና ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የሱሪ ጫፍ አይታጠፍ፤ ፍንጣሪ ያቁራል። ላይተር ኪስ ውስጥ አይኑር።

ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ ከፍ ካለ ቦታ ሲሠሩ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። በወለል ስንጥቅ ይገባል፣ በቱቦ ቀዳዳ ይሄዳል። ከቦታው ሊነሳ የማይችለውን የሚነድ ነገር በማይነድ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ የእሳት ማጥፊያ በእጅዎ ርቀት ይኑር፤ ማሽኑ በርቶ ሳለ እሳት ከተነሳ ውሃ አይድፉበት። የኤሌክትሮድ ቁራጭም ወለል ላይ አይጣል፤ ጣሳ ይዘጋጅለት።

የመጨረሻው ስፌት ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የሚነድ ነገር ባለበት ቦታ ደግሞ አንድ ሰዓት ይቆይ። እኔ ይህን ጊዜ ገመድ በመጠቅለልና ወለል በመጥረግ አሳልፈዋለሁ። ግድግዳ ላይ በይደው ከሆነ ዞረው ከጀርባው ይሂዱና በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት፤ ገና የሚግል ከሆነ ሰዓቱን እንደገና ከዜሮ ይቁጠሩ።