ጀርመን አገር ስንገዛ ገንዘባችንን የሚያስበሉን ስህተቶች

የቡና መፍጫዬ በበዓል ዋዜማ ድንገት ጸጥ አለ። ከገዛሁት ገና አሥር ወሩ ነበር። ደረሰኙን ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ዕቃውን እንኳ ሳያይ «ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ፋብሪካው ይላኩት» አለኝ። እኔም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። የነደደኝ ትራም ስጠብቅ ነው። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር እኮ! ብዙዎቻችን ገንዘብ የምናጣው እንዲህ በይሉኝታ «እሺ» ብለን ስንወጣ ነው። ወይ ደግሞ በአፍ ተናግረን በጽሑፍ ሳናስቀምጥ ስንቀር።

«ወደ ፋብሪካው ላኩት» ሲሉን እሺ ማለት

እዚህ አገር ሁለት የሚምታቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው «ጋራንቲ» ነው። አምራቹ ወዶ የሚሰጠው ስለሆነ የፈለገውን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጥበታል። ሁለተኛው «ጌቬርላይስቱንግ» ይባላል። ይሄኛው ሕግ በሻጩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው። ለአዲስ ዕቃ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሱቁ ጋራንቲ ኖረም አልኖረም ከዚህ ማምለጥ አይችልም።

ዋናው ነገር የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ዕቃው ከተበላሸ፣ ጉድለቱ ስትገዙትም እንደነበረ ይቆጠራል። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል ሻጭ ማስረጃውን ራሱ ያምጣ። ከ2022 በፊት ይህ ጊዜ 6 ወር ብቻ ነበር። ከ12 ወር በኋላ ግን የማስረዳቱ ሸክም ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ «ቆይ፣ ሲመቸኝ እወስደዋለሁ» አትበሉ።

ገና ከጅምሩ «ገንዘቤን መልሱ» ማለትም አያዋጣም። ሻጩ በቅድሚያ እንዲጠግን ወይም በአዲስ እንዲቀይር ዕድል ይሰጠዋል። ከሁለቱ የትኛው ይሁን የሚለውን የምትመርጡት በመሠረቱ እናንተ ናችሁ። ያ ካልሆነ ነው ገንዘብ ማስመለስ ወይም ዋጋ ማስቀነስ የሚመጣው።

እኔ ከበዓሉ በኋላ አንድ ገጽ ጽፌ ተመለስኩ። የገዛሁበት ቀን፣ የተበላሸው ነገር፣ «በጌቬርላይስቱንግ መሠረት እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከታች የሁለት ሳምንት ቀነ ገደብ። ያው ሻጭ ወረቀቱን አነበበና ኃላፊውን ጠራ። መፍጫው ተቀየረልኝ።

ደረሰኝ ጠፋ ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። መግዛታችሁን የባንክ መግለጫም ያስረዳል። ካርቶኑን ጥላችሁት ከሆነም መብታችሁ አይቀርም። ደረሰኙን ግን የዛኑ ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቀለሙ ሲውል ሲያድር ይጠፋል።

መኪና ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ መኪና ከነጋዴ ስትገዙ ነጋዴው ኃላፊነቱን ወደ አንድ ዓመት ማሳጠር ይችላል፤ ጨርሶ መሰረዝ ግን አይችልም። አንዳንዱ ታዲያ ውሉ ላይ እናንተንም «ነጋዴ» ብሎ ያስገባችኋል። ያቺን ቃል ካያችሁ አትፈርሙ። ከግለሰብ ስትገዙ ግን ሻጩ ኃላፊነቱን በውል ማስቀረት ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒክ ይየው።

ማንኛውም ዕቃ በ14 ቀን ይመለሳል ብሎ ማሰብ

«ቪደሩፍ» የሚባለው፣ በ14 ቀን ውስጥ ውል የመሰረዝ መብት የሚሠራው ኦንላይን፣ በስልክ ወይም ቤታችሁ በር ላይ ለተገዛ ነገር ነው። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁት ጫማ እንከን ከሌለው፣ ሱቁ የሚመልስላችሁ በራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ኦንላይን ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። ፖስተኛው ያመጣውን ጥቅል «አልቀበልም» ማለት ወይም ዝም ብሎ መልሶ መላክ በቂ አይደለም። «ውሉን ሰርዣለሁ» ብላችሁ በግልጽ ማሳወቅ አለባችሁ። ሁለት መስመር ኢሜይል ይበቃል። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው እጃችሁ ከገባ ጀምሮ ነው። በልካችሁ ከተሠራ ዕቃ፣ ማሸጊያው ከተከፈተ የንጽሕና ዕቃና ቀን ከተቆረጠለት የኮንሰርት ትኬት በስተቀር አብዛኛው ነገር ይመለሳል።

በር ላይ መፈረም

አንዲት እናት፣ የጎረቤቴ እናት ናቸው፣ በር ተንኳኳ። ጥሩ የለበሰ ወጣት «የመብራት ሂሳብዎን ላስተካክል ነው» አላቸው። ውሃ ሰጡት። የቆጣሪውን ቁጥር አየ፣ ታብሌቱን ዘረጋ፣ በጣታቸው ፈረሙ። ከሦስት ቀን በኋላ የአዲስ መብራት ድርጅት የውል ደብዳቤ መጣ።

ደግነቱ 14 ቀኑ አላለፈም። ማታውኑ ውሉን የሚሰርዝ ደብዳቤ ጽፈን በማግስቱ በ«አይንሽራይበን»፣ ማለትም በሪኮማንዴ፣ ላክነው። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አሁንም አስቀምጠውታል። ለማታውቁት ሰው የመብራት ሂሳብም ሆነ የቆጣሪ ቁጥር አታሳዩ።

ውል በራሱ ያልቃል ብሎ መተው

ጂም፣ ስልክ፣ ኢንተርኔት በራሳቸው አያልቁም። ጥሩው ነገር፣ ከመጋቢት 2022 መጀመሪያ ወዲህ የተፈረሙ የጂምና መሰል ውሎች የመጀመሪያው ጊዜ ሲያበቃ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይቋረጣሉ። ስልክና ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ኦንላይን የሚዋዋል ድርጅት ድረ ገጹ ላይ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያኖር ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ይገደዳል። ሌላ ከተማ መዛወር ግን ከጂም ውል በራሱ አያስወጣም። ገንዘቡ ከባንክ እንዳይቆረጥ ማገድም ውል ማቋረጥ አይደለም። ዕዳ ያስቆልላል።

ቢጫውን ፖስታ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጀርመንኛው ስለሚከብድ፣ ፍርሃትም ስላለ፣ ፖስታው ፍሪጅ ላይ ይቀመጣል። የዕዳ አስከፋይ ድርጅት ደብዳቤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። በቢጫ ፖስታ የሚመጣው «ማንበሻይድ»፣ ማለትም የክፍያ ትእዛዝ፣ ግን ከፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ሲልክ ዕዳው እውነት መሆን አለመሆኑን አልመረመረም። የሚመረምረው እናንተ ስትቃወሙ ነው።

ለመቃወም ሁለት ሳምንት አላችሁ። ቅጹ አብሮ ይመጣል። ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፤ አልከፍልም በሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ፣ ፈርማችሁ ትልካላችሁ። ዝም ካላችሁ ከሳሹ ደመወዝና ባንክ ሂሳብ የሚያሳግድ ትእዛዝ ማውጣት ይችላል። እሱም ሲደርሳችሁ እንደገና ሁለት ሳምንት ይሰጣችኋል፤ እሱ የመጨረሻው ዕድል ነው።

ጀርመንኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ወደ «ፌርብራውኸርሴንትራለ» ሂዱ። የሸማቾች ምክር ቢሮ ነው፤ በ16ቱም ክልሎች አለ። ለምክሩ የተወሰነ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን ቢጫውን ፖስታም ይዛችሁ ሂዱ፤ ፖስተኛው የደረሰበትን ቀን የጻፈው እሱ ላይ ነው።