ቂጣ በመኪና ውስጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ሚኒባሱን ቤት አድርጎ የሚኖር ሰው ቂጣው ሲያርርበት መጀመሪያ የሚወቅሰው ዱቄቱን ነው። ወፍጮ ቤት ይቀይራል፣ ከገበያ ሌላ ዱቄት ይሸምታል፤ ቂጣው ግን አሁንም መሐሉ ከሰል፣ ዳሩ ጥሬ ይሆናል። እባክዎ ዱቄቱን ይተዉትና እሳቱን ይዩ።

ጋዙን እስከ መጨረሻው መክፈት። ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። የትንሽ ጋዝ ምድጃ ነበልባል ከሻይ ብርጭቆ አፍ ብዙም አይሰፋም። በላዩ ስስ የአልሙኒየም መጥበሻ ሲጣድ ሙቀቱ ወደ ዳር ሳይዳረስ መሐሉ ይግላል። ርቦኛል ብሎ እሳት መጨመር ልዩነቱን ያሰፋዋል እንጂ ቂጣውን አያፈጥነውም። ወፍራም የብረት መጥበሻ ይግዙ፣ ስፋቱ ከ22 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር። በመካከለኛ እሳት 4 ወይም 5 ደቂቃ ያሙቁትና ቁንጥር ዱቄት ይበትኑበት። ዱቄቱ በ30 ሰከንድ ገደማ ቡናማ ከሆነ መጥበሻው ደርሷል፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሰው ዱቄቱን ይጥረጉና ጥቂት ይጠብቁ። ቂጣው ከተጣደ በኋላ መጥበሻውን ገፋ አድርገው ነበልባሉን ከዳሩ ሥር ያምጡት፣ በየ20 ሰከንዱም ሩብ ዙር ያዙሩት። መሐል ለመሐል አስቀምጦ ማዞር ምንም አይለውጥም፤ እሳቱ ያው መሐሉን ነው የሚመታው። አንዱ ገጽ ከ1 ደቂቃ ተኩል እስከ 2 ደቂቃ ይበቃዋል።

የሸክላ ምጣድ ይዞ መምጣትም አያዋጣም። ጠባብ ነበልባል መሐሉን ብቻ ሲያግለው ይሰነጠቃል፤ ከእሳቱ ቢተርፍ የመንገዱ ንቅናቄ ይጨርሰዋል።

ሊጡን ሳያሳርፉ መዳመጥ። ለ4 ቂጣ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 150 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ውሃውን በአንዴ አያፍስሱት፤ በጅማ እርጥበት የከረመ ዱቄት የሚጠጣው ያንሳል። ለ5 ደቂቃ ካሹት በኋላ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ያላረፈ ሊጥ በጠርሙስ ሲዳመጥ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ወፍራም ይሆናል፣ ውስጡም ሳይበስል ይቀራል። ውሃ የሚቆጥብ ሰው ሊጡን በንጹሕ ፌስታል ውስጥ ቢያሸው ከገበቴ አጠባ ይገላገላል።

የበቆሎ ዱቄትን በቀዝቃዛ ውሃ ማቡካት። በቆሎ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር የለውም፤ የሚያያዘው ስታርቹ በትኩስ ውሃ ሲያብጥ ነው። ለ250 ግራም ዱቄት 300 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ጨምረው በማንኪያ ያማስሉ፣ ክዳን ደፍተው 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በእጅ ይሹት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍታን ስለሚያልፍ ውሃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለበቆሎ ይበቃል፣ ነገር ግን ከምድጃ ወርዶ እስኪለካ ከበረደ ሊጡ ይፈረፈራል። በኮባ ቅጠል ላይ ጠፍጥፈው ከነቅጠሉ ገልብጠው ይጣዱት፤ ቅጠሉ ወዲያው ይላቀቃል።

እርሾ አያስፈልግም። መጥበሻውን በዘይት ማሰስ ይበቃል፤ ዘይት ማፍሰስ ቂጣውን ጥብስ ያደርገዋል።

ዝናብ መጣ ብሎ በር መዝጋት። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ፈተናውም ይገባናል። ቢሆንም በዚህ ላይ ድርድር የለም። በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚነድ ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መፍዘዝ ከተሰማዎ ጋዙን ዘግተው ወዲያው ይውጡ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ካበጀ አየር አንሶታል ወይም የምድጃው ራስ ቆሽሿል። ምድጃው መኪናውን ለማሞቅ አይደለም፤ ከመተኛትዎ በፊት የሲሊንደሩን ቁልፍ ይዝጉ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ መስኮት ብቻ መክፈት አያስወጣውም፣ የጎን በሩን እስከ ወለሉ ይክፈቱት። ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ በክብሪት ፈጽሞ አይሞክሩ።

ምድጃው በቀጥታ ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠም ከሆነ ሰፊ ምጣድ አይጣዱበት፣ ለነፋስም ብለው ዙሪያውን በቆርቆሮ አይክበቡት። ሙቀቱ ተመልሶ ሲሊንደሩን ያግለዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ነፋሱን በመኪናው አካል ይከልሉት፣ መኪናውንም ደልዳላ ቦታ ያቁሙ።

ትኩሱን ቂጣ ፌስታል ውስጥ መክተት። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተመልሶ ያላቁጠዋል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እርስ በርስ ይደራርቡት፤ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ፌስታሉ የሚመጣው ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ነው።