የወረዳን የዕቅድ ሥራ በወረቀት ላይ እንዴት እንሳል?

ቀበሌው ውሃ ጠየቀ። ጥያቄው ወረዳ ደረሰ። ከዚያስ የት ገባ? ብዙ ጊዜ ይህን የሚመልስ ሰው አይገኝም። ባለሙያዎቹ ሰንፈው አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ያውቃል፤ ሙሉ ጉዞውን ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ስለዚህ እንሳለው። ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከርና ተለጣፊ ወረቀት ይበቃል።

መጀመሪያ መነሻና መድረሻውን ወስኑ። «የወረዳው ልማት» ብላችሁ ከተነሳችሁ ማለቂያ የለውም። «ከቀበሌ ነዋሪዎች ስብሰባ እስከ ወረዳ ምክር ቤት ማጽደቅ» ብትሉ ይያዛል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ወረቀቱን በአግድም ክፈሉት። ለቀበሌው አንድ ረድፍ፣ ለውሃ፣ ለጤና፣ ለትምህርትና ለግብርና መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው፣ ከዚያ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ለካቢኔና ለምክር ቤት።

ምልክት አታብዙ። ቢፒኤምኤን የሚባል ዓለም አቀፍ የአሣሣል ደንብ አለ፤ 2.0 እትሙ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። ለእኛ ክብ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ፣ ሳጥን ለሥራ፣ ዳይመንድ ለውሳኔ፣ ቀስት ለቅደም ተከተል ይበቃል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፦ መጠየቅ። «መመሪያው ምን ይላል?» አትበሉ። መመሪያውን ቢሮ ተቀምጣችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ «አምና የመጣውን የውሃ ጥያቄ ለማን ሰጣችሁት? በምን? በስልክ ነው በደብዳቤ?» በሉት። ከዚያ ወረቀቱን ወደተቀበለው ባለሙያ ሂዱ። የሁለቱ መልስ ካልገጠመ አትከራከሩ፤ ቦታው ላይ ቀይ ምልክት አድርጉ። በቢፒአር (የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥር የመለወጥ ሥራ) ጊዜ የሠራችሁ «ነባሩ» እና «አዲሱ» የሚለውን ታስታውሳላችሁ፦ «ነባሩ» አሁን ያለው አሠራር ነው፣ «አዲሱ» እንዲሆን የምንፈልገው። ነባሩን በደንብ ሳታዩ ወደ አዲሱ አትዝለሉ።

በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ ሥራው የፈጀው ጊዜና ወረቀቱ ቁጭ ብሎ የጠበቀበት ጊዜ። ማጠናቀሩ ሁለት ቀን ወስዶ ፊርማው ሦስት ሳምንት ከጠበቀ፣ ባለሙያ መጨመር ምንም አይፈታም።

የበጀት ጣሪያው፣ ማለትም ሊታቀድበት የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ፣ የሚታወቅበትን ቦታም አትርሱ። ዕቅዱ ከተዘጋጀ በኋላ ከደረሰ፣ ሁሉም እንደገና ይቆረጣል። እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ያለው ነው። ሲቆረጥ ለቀበሌው ማን ይነግረዋል? ሥዕሉን እዩት። ወደ ላይ የሚወጡት ቀስቶች ብዙ ናቸው፤ ወደ ታች የሚመለስ ግን ላታገኙ ትችላላችሁ። በቀበሌው ስብሰባ ውሃ የጠየቀች ሴት በሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች፣ ወይም ከናካቴው ትቀራለች።

ስለዚህ አዲሱን ስትስሉ ከዚህ ጀምሩ። ከዳይመንዱ «አልተፈቀደም» ከሚለው ጎን እስከ ቀበሌው ረድፍ ድረስ ቀስት ስቡ። ቀስቱ ላይ መልሱን የሚያደርሰውን የሥራ መደብ፣ ምክንያቱ የሚጻፍበትን ቅጽና የመጨረሻውን ቀን ጻፉበት።