በድንጋይ፣ በአመድና በእጣቢ፦ ክብ የጓሮ መደብ እንዴት ይሠራል?

ሌሶቶ አገሩ ሁሉ ተራራ ነው። ዝቅተኛ የሚባለው ቦታ እንኳን ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ብዙ ቦታ አፈሩን ጎርፍ ወስዶታል፤ ድንጋይ ግን ሞልቷል። እዚያ ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ የሚሠሩት ክብ የአትክልት መደብ አለ፤ ከላይ ሲያዩት የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። ወደ እኛም አገር ገብቷል። ደጋ ላይ ድንጋያማ ጓሮ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቦታው ለማድ ቤት ቅርብ ይሁን። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በየቀኑ እጣቢ ተሸክሞ ሩቅ የሚሄድ የለም። መሃሉ ላይ ችካል ትከሉ፤ አንድ ሜትር ሲባጎ እሰሩበትና ዙሪያውን አስምሩ። እኔ መጀመሪያ «ሰፋ ይበል» ብዬ አንድ ተኩል አደረግኩት። እጄ ከየትም በኩል አልደርስ አለ። ጎመን ለመቅጠፍ መደቡ ላይ እየወጣሁ አፈሩን ረግጬ ድንጋይ አደረግኩት።

አሁን ከዳር እስከ መሃል አንድ ሰው የሚያስገባ መግቢያ ተዉ፤ ከድፎ ዳቦ ላይ አንድ ቁራሽ እንደማንሳት ነው።

ዋናው ሥራ ቅርጫቱ ነው። ደረት የሚደርሱ አራት አምስት እንጨቶች መሃሉ ላይ በክብ ትከሉ፤ ስፋቱ አንድ ክንድ ያህል ይሁን። በጭራሮ እያጠላለፋችሁ ጎንጉኑት፤ ውስጡን ገለባ አልብሱት። በጣም አታጥብቁት፤ ውሃው ወደ አፈሩ የሚሰርገው በዚያ ክፍተት ነው።

ከዚያ ዙሪያውን ከጉልበት ከፍ እስኪል ድንጋይ ካቡ። ውሃ እንዳይተኛ ከታች ጠጠር፣ የተሰበረ ሸክላ፣ የዛገ ጣሳ በትኑ። በላዩ ደረቅ ሣር፣ ፍግ፣ ስስ አመድ፣ አፈር፤ ካቡ እስኪሞላ እየደጋገማችሁ። ፍጉ የከረመ ይሁን፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። የላይኛው ጥሩ አፈር ሆኖ ከቅርጫቱ ወደ ዳር ዘቅዘቅ ይበል።

ቅርጫቱ ውስጥ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ጨምሩ፤ እጣቢውንም እዚያው ድፉ። በረኪናና ብዙ ቅባት ያለበት ግን አይግባ። ልጣጩ እየበሰበሰ ከውሃው ጋር ወደ ሥሩ ይወርዳል። በጋ ላይ፣ ወይ ዝናብ ሲዘገይ፣ የሌላው ጓሮ ሲጠወልግ ያንተ ጎመን ቀና ብሎ ታገኘዋለህ።

አንድ ዓይነት ብቻ አትትከሉ። ጎመንና ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር፣ ዳር ዳሩን ነጭ ሽንኩርት። ጎመኑን ከሥር ከሥር ቅጠፉ፤ ጫፉ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። ስታበስሉት ዘይት ጠብ አድርጉበት። ከጎመንም ከካሮትም የሚገኘውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ ይህ ለዓይናቸው ነው።

አፈሩ በጊዜ ብዛት ይሰምጣል፤ ፍግና አፈር ጨምሩበት። ሰፈሩ ውስጥ ዶሮ ካለ ደግሞ ችግኙ ሳይተከል ዙሪያውን እሾህ እጠሩ። የእኔን የመጀመሪያ ችግኝ የጎረቤት ዶሮዎች በአንድ ጠዋት ጨርሰውታል።