ለኮብልስቶንና ለጭቃ የሚሆን ዊልቸር እንዴት እንደሚሰራ

ለሆስፒታል ኮሪደር የታሰበ ዊልቸር እኛ ሰፈር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥግ ይዞ የልብስ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው። እና ብየዳ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ከሚጠቀምበት ሰው ጋር ዋሉ፣ ከመኝታ ሽንት ቤት፣ ከዛ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ ሜትር ይዛችሁ የበሩን ስፋት፣ የደፉን ከፍታ፣ የመደቡን ቁመት ለኩ።

መደቡን የምለው ምክንያት አለኝ። መቀመጫውና መደቡ እኩል ከሆኑ፣ የእጅ መደገፊያውም የሚነቀል ከሆነ፣ ሰው ሳይጠራ ተንሸራቶ ይሻገራል። ዊልቸር የምትጠቀም አንዲት ጎረቤታችን መሻገር ስለማትችል፣ ቡና ሲፈላ ሁሉም በርጩማ ላይ ሆኖ እሷ ብቻ ከላይ ቁጭ ትልና ሲኒውን ሽቅብ ነበር የሚያቀብሏት፣ በኋላ መምጣቱንም ተወችው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ የፊት ጎማ። ትንሽና ቀጭን ከሆነች ኮብልስቶኑ መሀል ትሰነቀርና ወንበሩ ቀጥ ሲል ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ራሱ ዊልቸር ተጠቃሚ የሆነው አሜሪካዊው ኢንጂነር ራልፍ ሆችኪስ ሰፊ የፊት ጎማ ወደፊት ራቅ አድርጎ ነው የሚያስገባው። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ባለ ሶስት ጎማም ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አይንገዳገድም፣ ግን ረዥም ስለሆነ ጠባብ ቤት ውስጥ መዞር ያስቸግራል፣ ውሎው ቤት ለሆነ ሰው ባለ አራቱ ይሻላል።

የኋላው የሳይክል ጎማ ይሁን፣ ካላማዳሪው ሲፈነዳ የሰፈሩ ጎሚስታ ይሰራዋል። ፍሬሙን ቱቦ ብረት አድርጉት፣ አልሙኒየም ቀላል ነው ግን ሲሰበር በያጅ ሁሉ አይበይደውም።

መቀመጫው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ በናታችሁ! ታች አካሉ የማይሰማው ሰው ከመቀመጥ ብዛት ቁስል ሲወጣበት አያውቀውም፣ ቁስሉ ደግሞ ይገድላል። ወፍራም ስፖንጅ በሚታጠብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ መዳፋችሁን ከመቀመጫ አጥንቱ ስር አስገቡና ጣታችሁ ከተቆነጠጠ ጨምሩበት።

ደፍ ካለ ራምፕ፣ ማለትም ጎማው የሚወጣበት ተዳፋት፣ ስሩ፣ ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ ማለትም ደፉ 15 ከሆነ 1.80 ሜትር።

ሲያልቅ ዝናብ በዘነበ ማግስት ተጠቃሚው ራሱ ይንዳው፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ከኋላ ተከተሉ፣ የት እንደያዘውና የት ሰው እንደጠራ መዝግቡ። ከወር በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ቆዳውንም እንዲያስመረምር ጠይቁት።