«ተበላሸ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

እኔ የምተዳደረው በስልክ በማስተርጎም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከኮሎምቢያ ፓይክ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቡናዬን አጠገቤ አድርጌ እውላለሁ። ከምሠራው ሥራ ግማሹ ያህል ስለጠፋ፣ ስለተሰበረና ስለፈረሰ ነገር ነው። ሰው ደህና ሲሆን አስተርጓሚ አይፈልግም። (የምነግራችሁን የደንበኞች ነገር ማንነታቸው እንዳይታወቅ ለዋውጬዋለሁ።)

አንድ ቀን ጠዋት በአንደኛው ጫፍ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ በሌላው ጫፍ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። «ልጄ፣ ከኋላ መጥቶ ገጨኝና መኪናዬ ተበላሸ በላት» አሉኝ። መገጨታቸውን በትክክል ተናገርኩ፤ «ተበላሸ» ላይ ስደርስ ግን አፌ እንዳመጣልኝ «ብሮክ ዳውን» አልኩ። ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ መኪናው ቆሞብዎት ሳለ ነው የተገጩት ወይስ እየነዱ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ግራ ገባቸው። «ብሮክ ዳውን» ማለት ሞተሩ በራሱ ጊዜ እምቢ አለ፣ መንገድ ላይ ቀጥ አለ ማለት ነው። የአደጋ ኢንሹራንስ ደግሞ ላረጀ ሞተር አይከፍልም። ማለት የነበረብኝ «ዋዝ ዳሜጅድ» ነው። «የአስተርጓሚ እርማት» ብዬ እስካስተካክለው ድረስ ጋሼ በገዛ ቃላቸው ሳይሆን በእኔ ቃል ሲመረመሩ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ «ተበላሸ» የሚለውን ስሰማ ፍሬን እይዛለሁ። በአማርኛ ወተትም፣ ሊፍትም፣ ሆድም፣ ቀጠሮም፣ ልጅም ይበላሻል። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል አለው። ወተቱ «ዌንት ባድ» ወይም «ስፖይልድ» ነው። ሊፍቱ «አውት ኦፍ ኦርደር»፣ ሆዳችሁ «አፕሴት»። ልጁ ላይ ተጠንቀቁ። «ስፖይልድ ቻይልድ» ሞልቃቃ ነው እንጂ እኛ «የተበላሸ ልጅ» የምንለው፣ ከመንገድ የወጣው አይደለም። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ተጠርተው «ልጄ ተበላሸብኝ» ብለው ሲያለቅሱ «ስፖይልድ» ብትሉ መምህሩ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። «ሂ ኢዝ ጎይንግ ዳውን ዘ ሮንግ ፓዝ» በሉለት፣ ያኔ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።

ወደ ጉዳት ስንመጣ ቃሉን ከመምረጤ በፊት ራሴን የምጠይቀው «ይጠገናል ወይ?» ብዬ ነው። የሚጠገን ከሆነ «ዳሜጅድ» ነው። የሚጠገን ነገር ካልተረፈ «ዲስትሮይድ»። ብዙ ወገኖቻችን ጉዳዩ እንዲከብድላቸው ብለው «ዲስትሮይድ» ይላሉ። ከዚያ ገማቹ ይመጣል፣ አድጀስተር የሚባለው፤ ኩሽናው ጠቁሮ ሳሎኑ ደህና መሆኑን ያይና የተናገሩትን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። እሳትም እንደዚሁ ነው። «ቤቴ ተቃጠለ» ያለ ሰው «በርንድ ዳውን» ከተባለለት ቤቱ ዶግ አመድ ሆኗል ማለት ነው። የተቃጠለው አንድ ክፍል ከሆነ «ዜር ዋዝ ፋየር ዳሜጅ ኢን ዘ ኪችን» ይበቃዋል። አምፑል ሲቃጠል ደግሞ «በርንድ አውት» ነው፤ ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራ ሰውም እንደ አምፑሉ «በርንድ አውት» ይሆናል።

«ዳሜጅ» ላይ «ኤስ» አትጨምሩ። ጉዳቱ አሥር ቦታ ቢሆንም «ዳሜጅ» ነው፣ አይቆጠርም። «ዳሜጅስ» ካላችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሳ፣ ማለትም ገንዘብ። «መኪናዬ ላይ ብዙ ጉዳት አለ» ለማለት «አይ ሃቭ ሜኒ ዳሜጅስ» ያለ ሰው ለጠበቃ ጆሮ ሒሳብ መጠየቅ የጀመረ ይመስላል።

መኪና የራሱ ቃል አለው፤ «ቶታልድ»። ብዙዎቻችን «ቶታል አደረጉት» እያልን አማርኛ አድርገነዋል። ብትንትኑ ወጣ ማለት አይደለም። ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ አያዋጣም ብሎ ኢንሹራንሱ ወሰነ ማለት ነው። እየነዳችሁት ቤት የገባችሁት መኪና «ቶታልድ» ሊባል ይችላል፣ አሮጌ ከሆነ መከላከያውና አንድ በሩ ይበቁታል። ጋሼም በኋላ ያዘኑት በዚህ ነው፤ «እየሄደ እንዴት ሞተ ይሉታል?» አሉ። እንግሊዞች ይህንኑ «ራይት ኦፍ» ይሉታል፣ ከመዝገብ ሰረዙት እንደማለት።

የምወደው ቃል «ሩይን» ነው። ነገሩ አለ፣ ጥቅሙ ወይም ውበቱ ግን ሄዷል። እህቴ ለፋሲካ ከሽሮ ሜዳ ያስመጣችውን ሀበሻ ቀሚስ ከልጇ ቀይ ካልሲ ጋር ላውንደሪ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ወጣ፤ ጥልፉ አለ፣ ስፌቱ አለ፣ መልኩ ግን ሐምራዊም ቀይም ያልሆነ ነገር ሆኗል። ቀሚሱ «ዲስትሮይድ» አይደለም፣ አንድም ክር አልተበጠሰም። «ኢትስ ሩይንድ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ትክክል ነበረች። ሠርግ በዝናብ፣ ወጥ በጨው፣ ስም በሐሜት «ሩይን» ይሆናል። ሰውም በዕዳ «ሩይንድ» ይባላል፤ ከሰረ ከማለት ይከብዳል፣ ዳግም ላይነሣ ከሰረ እንደማለት።

ይኸው ቃል «ኤስ» ሲጨመርበት ፍርስራሽ ይሆናል፣ «ሩይንስ»። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እንግዳ ሲያስጎበኙ ጥንታዊ የሆነውን ሁሉ «ሩይንስ» የሚሉ አሉ። አክሱም ዳር ያለው፣ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለው ዱንጉር፣ የቀረው የግድግዳው ሥር ነውና «ሩይንስ» ነው። ጎንደር የፋሲል ግንብ ግን ቆሟል። «ካስል» በሉት።

አሁን ወደ «ፈረሰ»። በአማርኛ «ቤቴ ፈረሰ» ያለ ሰው ማን እንዳፈረሰው አልነገረንም። እንግሊዝኛው ግን እንድንመርጥ ያስገድደናል። በራሱ ከተደረመሰ «ኮላፕስድ» ነው። ሰው በማሽን ካፈረሰው «ዋዝ ዲሞሊሽድ»፣ በተራ ንግግር «ቶር ዳውን»። ስለዚህ ደንበኛዬን «ራሱ ነው ወይስ አፍርሰውት?» ብዬ ለመጠየቅ ፈቃድ እወስዳለሁ፤ በግምት አልሞላም። ሦስተኛም ትርጉም አለ። አንድ ጀማሪ አስተርጓሚ «ቤቴን ያፈረሰችው እህቱ ናት» የሚለውን «ሂዝ ሲስተር ዲሞሊሽድ ማይ ሀውስ» ብሎ ተረጎመና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ የቤቱን አድራሻ ጠየቀች አሉ። ሴትዮዋ ስለ ትዳራቸው ነበር የሚያወሩት። ለትዳር «ሼ ብሮክ አፕ ማይ ሜሬጅ» ነው።

«ሬይዝ» ጆሮ የሚያታልል ቃል ነው። በ«ዜድ» ሲጻፍ ከመሬት ጋር አመሳሰለው፣ በ«ኤስ» ሲጻፍ ደግሞ ከፍ አደረገው ማለት ነው። ድምፃቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ተቃራኒ። በስልክ ፊደሉ አይታይም፤ ስለዚህ «ቱ ዘ ግራውንድ» የሚል ተከትሎት እንደሆነ አዳምጡ።

ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ ነገር ሲወራ የራሳችን ፈሊጥ መንገድ ያሳያል። «ደብዛው ጠፋ» ለሚለው «ኦብሊተሬትድ» ልክ ይገባል፤ የላቲን ሥሩም የተጻፈን መደምሰስ ነው። «ከሥሩ ነቀለው» ደግሞ ቃል በቃል «ኢራዲኬትድ» ነው፣ «ራዲክስ» በላቲን ሥር ማለት ነውና። በትክክል የተባለለት በሽታ ፈንጣጣ ነው፤ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ፣ መርካ ውስጥ ተገኘ፣ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ወባን ግን ከአንድ አገር ብቻ ካጠፋችሁት የጤና ባለሙያዎች «ኢሊሚኔትድ» ይላሉ። የክሊኒክ ጥሪ ላይ ሁለቱን ብታምታቱ ሐኪሙ ያርማችኋል፣ እኔን አርሞኛል።

«ዴሲሜት» መነሻው የሮማውያን ጦር ቅጣት ነው፣ ከአሥር ወታደር አንዱን መግደል። ዛሬ አብዛኛውን ጨረሰ ለማለት ይውላል፤ በ2019 እና 2020 የአንበጣ መንጋ ምሥራቅ አፍሪካን ሲወር ስለ ሰብሉ የምንሰማው ቃል ይህ ነበር። «ቶታሊ ዴሲሜትድ» ብትሉ ግን ቃል አጥባቂ የሆነ ሰው አሥር በመቶ እያሰበ ፊቱን ያጠቁርባችኋል።

«ዴቫስቴትድ» ለአገርም ለልብም ይሆናል። ጦርነት ከተማን «ዴቫስቴት» ያደርጋል፤ የመርዶ ስልክ ላይ ደግሞ «ቅስሜ ተሰበረ» ላሉ ሰው «አይ አም ዴቫስቴትድ» እላለሁ። «አይ አም ዲስትሮይድ» አልልም። ወጣቶቹ «ሬክድ»፣ ቃል በቃል ተሰባበርኩ፣ ካሉ ደክሟቸዋል ወይም ጠጥተዋል፣ አምቡላንስ አትጥሩ።

አንድ የቀረ አለ። ባለፈው ክረምት አንዲት ወይዘሮ የደረሳቸውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ፤ ውሻቸው የጎረቤት ልጅ ነክሶ ተይዞባቸዋል። ደብዳቤው ላይ «ሜይ ቢ ዲስትሮይድ» ይላል። ልጃቸው «ሊጎዳ ይችላል» ብሎ ነው የነገራቸው። «ዲስትሮይ» ለእንስሳ ሲባል መግደል ማለት መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ እንዲህ አይሉም?» አሉና ይግባኝ የሚባልበት ቀን እስከ መቼ እንደሆነ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። 4 ቀን ቀርቶት ነበር።