የጨርቅ ዳይፐር አፈሰሰ፣ ሸተተ፣ ሕፃኑን አቀላ፦ ችግርና መፍትሄ

የጨርቅ ዳይፐር እየሰፋሁ ለአራስ ቤቶች ማቅረብ ከጀመርኩ ወዲህ ስልኬ በብዛት የሚጮኸው ልጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ ነው። አንዷ «አፈሰሰ» ትላለች፣ ሌላዋ «ሽታው ዓይን ያቃጥላል»፣ ሌላዋ «ልጄ ቀላ»። ሦስቱም የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። ቤታቸው ሄጄ ጨርቁን ስመረምረው ግን መነሻው አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ተለቅልቆ ያልወጣ ሳሙናና ቅባት። ስለዚህ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለዚያ ነው፤ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

አስተጣጠፉን፣ በመርፌ ቁልፍ አያያዙንና ሽፋን አለባበሱን የምታውቁ አድርጌ ነው የምጀምረው። ቁጥሩን ብቻ ላስታውስ። አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ ቤት 24 ያህል የሽንት ጨርቅና ከላዩ የሚለበስ ውሃ የማያሳልፍ 5 ወይም 6 ሽፋን ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ሳይደርቅ ማልበስ ይመጣል፤ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ከታች የምዘረዝራቸውን ችግሮች ሁሉ ያባብሳል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያፈስሳል

ምክንያቱ አዲስነቱ ነው። አዲስ ጥጥ የተፈጥሮ ሰም አለው፤ አቡጀዲ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች ይዞ ይመጣል። ሽንቱ በጨርቁ ላይ ተንሸራቶ በጎን ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ልጁ ከመወለዱ በፊት ጨርቁን በዱቄት ሳሙና አንድ ጊዜ ቀቅሉት፤ ከዚያ አራት አምስት ጊዜ እያጠባችሁ አድርቁት። በእያንዳንዱ እጥበት የመምጠጥ አቅሙ ይጨምራል። እናቶቻችን አሮጌ ነጠላ ቀድደው የሽንት ጨርቅ ማድረጋቸው ከድህነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ለዓመታት የታጠበ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ወዲያው ይመጥጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቤታችሁ አሮጌ ነጠላ ካለ አዲስ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ተጠቀሙበት።

ሽፋኑን ግን አትቀቅሉ። ውሃ የማያሳልፈው ስስ ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከጨርቁ ይላቀቃል።

በእግር በኩል ያፈስሳል

የሽፋኑ ላስቲክ የሚቀመጠው በብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ነው፤ ጭኑ ላይ ከተቀመጠ ልጁ እግሩን ባነሳ ቁጥር ክፍተት ይፈጠራል። ከሽፋኑ ውጭ አንድ ጣት ያህል የወጣ ጨርቅ ካለ ሽንቱ በእሱ ተስቦ ልብስ ያርሳል፤ ወደ ውስጥ መልሱት። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ለወንድ ልጅ እጥፉ ከፊት ይወፍር፣ ብልቱም ወደ ታች ይሁን። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ የፊቱን ጠርዝ ከእምብርቱ በታች አጥፉት።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ ማፍሰስና መሽተት ጀመረ

ዋናው ይኸው ነው። ጨርቁ ሲደርቅ አይሸትም፤ ልጁ እንደሸና ግን ወዲያው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል። ሽንት ሲወጣ ዩሪያ አለው። በጨርቁ ቃጫ መካከል የቀሩ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ወደ አሞኒያ፣ ማለትም ወደዚያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ፣ ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ የሚደበቁት ደግሞ የሳሙናና የቅባት ሽፋን በተጋገረበት ቦታ ነው። ያው ሽፋን ጨርቁን ውሃ እንዳይመጥጥም ያደርገዋል። ሽታውና ማፍሰሱ አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው።

ከመገመት መፈተሽ ይሻላል፤ ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ታጥቦ የደረቀ ጨርቅ ላይ በማንኪያ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። ጠብታው ወዲያው ከጠፋ ጨርቁ ጤነኛ ነው፤ ክብ ሆኖ ከቆመ በላዩ ቅባት አለ። ሁለተኛ፣ ታጥቦ «ንጹሕ» የተባለውን ጨርቅ ሳሙና በሌለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ በእጅ እሹት። ውሃው አረፋ ካወጣ ወይም ወተት ከመሰለ፣ ልጃችሁ የለበሰው ሳሙና ነው።

አዲስ አበባ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር አንዲት እናት ዳይፐሮቹን በሙሉ ልትጥል ተነሥታ ጠራችኝ። ልጅቱን የምትንከባከበው ሠራተኛ ጎበዝ ናት፤ ጨርቁ ነጭ ነው፣ ሽታውም የሳሙና ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስንከተው ግን ሳፋው በአረፋ ተሞላ። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ በርሜሉን ለመቆጠብ አንድ ጊዜ ብቻ ትለቀልቃለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትለቀልቅ ደግሞ እንዲጸዳላት ሳሙና ትጨምራለች። እየተንከባከበችው ጨርቁን ሳሙና አስጠገበችው። ይህን ዓይነት ቤት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከግዴለሽ ዘንድ ሳይሆን ከሚጠነቀቅ ሰው ዘንድ ነው።

ሌላ ቤት ደግሞ ሳሙናው ልክ ነው፣ ማለቅለቁም ልክ ነው፤ ጨርቁ ግን ውሃ ይገፋል። አያትየው ሕፃኑን በየጠዋቱ ገላውን አጥበው በቅቤ ያሹታል፤ ከዚያ ቀጥታ ዳይፐር ይለብሳል። «እማማ፣ ቅቤውን አልከለክልም፤ ብቻ ከወገብ በታች አይድረስ፤ ከደረሰም በመካከሉ ይህችን የነጠላ ቁራጭ ጣል ያድርጉ» አልኳቸው። ቁራጯ ለብቻዋ ትታጠባለች። ቫዝሊንና ዚንክ ያለው ቅባት የሚያደርሱትም ያንኑ ጉዳት ነው።

የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ለዳይፐር ፈጽሞ አይሆንም። ሥራው ቃጫውን በቅባት መሰል ነገር መሸፈን ስለሆነ መምጠጡን ይገድላል። ፀረ ጀርም ፈሳሽ በመጨረሻው ውሃ ላይ የምትጨምሩም ተዉት፤ በጨርቁ ላይ ይቀርና በሽንት ሲርስ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል።

ውሃውም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል፤ እነዚህ ከጥፍጥፍ ሳሙና ጋር ሲገናኙ የማይሟሟ ግራጫ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ዝቃጩም ጨርቁ ላይ ይቀመጣል። ጨርቁ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ከደረቀና ነጩ ወደ ግራጫ ከሄደ ይህን ጠርጥሩ። የዱቄት ሳሙና ማዕድኑን የሚይዝ ነገር ስላለበት ለዚህ ውሃ ይሻላል። ጥፍጥፉን ለእድፍ ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት።

የተጋገረውን ሳሙናና ቅባት ለማላቀቅ እንዲህ አድርጉ። ጨርቁን መጀመሪያ እንደተለመደው እጠቡት። የጥጥ ጨርቁን ብቻ በትልቅ ብረት ድስት ሳሙና በሌለበት ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቀቅሉት፤ ውሃው ሲደፈርስ ድፉና በአዲስ ውሃ ድገሙት። አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ነው የሚደገመው፤ በመካከል አታቋርጡ። የቅባት ችግር ከሆነ ከመቀቀሉ በፊት ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ በሙቅ ውሃ አድርጋችሁ ጨርቁን እሹት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት። በሽፋኑ ውስጥ የሚገባው መምጠጫ ፓድ ፖሊስተር (ሰው ሠራሽ ክር) ከሆነ አይቀቀልም፤ እጅ በሚያቃጥል ውሃ መዘፍዘፍ ይበቃዋል። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ከዚያ የማንኪያውን ፈተና ድገሙ።

ከዚያ በኋላ እንዳይመለስ፦ እርጥቡን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ለ10 ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና አድርጋችሁ እጠቡ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ውሃ ለሚቸግረው ቤት የመጨረሻው ማለቅለቂያ አይደፋም፤ ለነገው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ ደግሞ ሽንት ቤት ይደፋበታል። በማሽን የምታጥቡ ከበሮውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉት፤ አንድ ተጨማሪ ማለቅለቂያም እዘዙት።

ይህን ስናገር «እንግዲያው ያለ ሳሙና ላጥበው» የሚሉ አሉ። አይሆንም። ያለ ሳሙና የታጠበ ጨርቅ ሰገራውና ሽንቱ በውስጡ ይቀራል። መለያው ይህ ነው፦ ደረቁ ጨርቅ ራሱ ሰገራ ሰገራ የሚሸት ከሆነ እጥበቱ አንሷል፤ ሲረጥብ ብቻ አሞኒያ የሚሸት ከሆነ ማለቅለቁ አንሷል። ሌሊቱን ሙሉ የለበሰው ጠዋት ላይ ጠንከር ቢል ግን የተለመደ ነው፤ ለዚህ ጨርቅ አታሠቃዩ።

ስለ በረኪና

በረኪና ሽታውን ለአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ላስቲኩንና ሽፋኑን ግን ለዘለቄታው ይበላል። በሽንት በራሰ ጨርቅ ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋርም አታገናኙት፤ የሚወጣው ክሎሪን ነው። መስኮት በሌለው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ለአራሷም ለልጁም አደጋ ነው። ለእድፍ ከፈለጋችሁት ፀሐይ አለላችሁ፤ ታጥቦ ገና እርጥብ የሆነውን ጨርቅ የደጋ ቀትር ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ቢጫው ይሄዳል። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራ በውሃ ስለሚሟሟ እድፉ ቀላል ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ምግብ ሲጀምር ሰገራውን መጀመሪያ ሽንት ቤት አራግፉ።

ጨርቅ በባልዲ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ለቀናት አታስቀምጡ። ባክቴሪያው ይራባል፣ ላስቲኩ ይላላል። ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ የሚድህ ወይም የሚራመድ ሌላ ልጅ ካለ ውሃ ያለበት ባልዲ ሊያሰጥመው ይችላል። ቆሻሻው ጨርቅ ያለ ውሃ፣ አየር በሚያገኝ ባልዲ ይቀመጥ።

ልጁ ቀላ

መቅላቱ ጨርቁ በነካው ገላጣ ቦታ ብቻ ከሆነና እጥፋቶቹ ንጹሕ ከሆኑ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እርጥበት፣ አሞኒያ ወይም የቀረ ሳሙና ነው። ቀን ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀይሩ፤ ሰገራ ካደረገ ወዲያውኑ። ቆዳውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ለጥቂት ጊዜም ያለ ዳይፐር አስተኙት። ከጨርቁ ላይ የተጋገረውን ሳሙና ከላይ በጻፍኩት መንገድ አላቅቁት።

መቅላቱ ደማቅ ሆኖ በብሽሽት እጥፋት ውስጥ ከገባና በዙሪያው ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ከበተነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ቅባት ከመደራረብ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ውኃ የቋጠረ፣ መግል ያለው ወይም ትኩሳት የተጨመረበት ከሆነ አትዘግዩ። የሕፃን ፓውደር አትነስንሱ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል።

የጨርቅ ዳይፐር አንድ ጥቅም አለው፤ ስንት ጊዜ እንደረጠበ በግልጽ ያሳያል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ከስድስት ጊዜ በታች የሚሸና አራስ በቂ ወተት ላያገኝ ስለሚችል ሐኪም ይየው።

በክረምት አይደርቅም

ከሰኔ እስከ መስከረም ወፍራምና ተሰፍቶ የተደራረበ ዳይፐር በሁለት ቀንም አይደርቅ ይሆናል። ያልተደራረበው አራት ማዕዘን ጨርቅ ግን ተዘርግቶ ስለሚሰጣ በዝናብ ወቅትም ቤት ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ የመውለጃ ወራችሁ ክረምት ከሆነ በአራት ማዕዘኑ ጀምሩ። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል ጨርቅ አታድርቁ፤ የከሰል ጭስ ሳይታይ ይገድላል፣ አራስ ባለበት ደግሞ የባሰ ነው።

ሽፋኑ ራሱ ተበላሸ

ሽፋኑን ወደ ብርሃን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። የውስጡ ስስ ፕላስቲክ እየተላቀቀ አረፋ መሰል ፊኛ ካወጣ መጠገኛ የለውም፤ ሌላ ግዙ። ላስቲኩ ብቻ ከላላ ግን አትጣሉት፤ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይቀይረዋል።

እዚህ ላይ የምቆጣበት ዕቃ አለ። «ቀርከሃ» ተብሎ የሚሸጠው ግራጫ ፓድ ውስጡ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። ከጠርዙ አንድ ክር ነቅላችሁ ከልጁ ራቅ ብላችሁ ለኩሱት፦ ጥጥና ቀርከሃ እንደ ወረቀት ነድደው አመድ ይሆናሉ፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። ፖሊስተሩ ቶሎ ይመጥጣል፤ ልጁን ሲታቀፉት ወይም ሲታሰር ግን ይጨመቅና ያወጣዋል። ቆዳንም ስለሚያደርቅ በቀጥታ ገላ ላይ አይደረግ። ከገዛችሁት ወዲያ ከታች አድርጉት፤ ከላዩ የጥጥ ጨርቅ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የማያጋጥሙ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። ጠቅ የሚለው ቁልፍ ከተሰበረ በቦታው ክር አዙራችሁ ተራ ቁልፍ ስፉበት። ሞቃትና እርጥብ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ጨርቁን ሣር ላይ አታስጡ፤ እንቁላሏን እርጥብ ልብስ ላይ የምትጥል ዝንብ አለች፣ ትሉም ከቆዳ ሥር ይገባል። ገመድ ላይ አስጡት፤ ከማልበሳችሁ በፊትም የጥጥ ጨርቁን በሁለቱም በኩል በጋለ ካውያ ተኩሱት።